የዓዲላ ጥፍርና የሐጂ ኑርሁሴን ሞተር

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በከሚሴ ከተማ በቅሎውን ሸጦ ሞተር ብስክሌት የገዛ ሰው ቢፈለግ የሚገኙት ከብት ነጋዴው ሐጂ ኑርሁሴን ብቻ ነበሩ። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚቀዳላት ያች ባለ ሁለት ምት ሞተር ጭቃም ሆነ ጉድባ አይበግራትም፤ ሐጂን ከጨፋ ሮቢት ገበያ አድርሳ ትመልሳቸው ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ግን ጉልበቷ ከዳት። ዳገት በመጣ ቁጥር ሐጂ ወርደው ይገፏታል። መንገደኛውም ዝም አይልም፤ «ሐጂ፣ ማን ማንን ነው የሚጋልበው?» ይላቸዋል።

ስለዚህ ሸምሱ የተባለው ወጣት መካኒክ ከደሴ ተጠራ።

ሸምሱ ከዚያ ቀደምም ለጥቃቅን ብልሽት ይመጣ ነበር። በመጣ ቁጥር የሐጂ ልጅ ዓዲላ ጥልፏን ይዛ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፤ እናቷ ወይዘሮ ሶፍያም ማሽላ እየለቀሙ ከአጠገቧ አይጠፉም። ሁለቱ ወጣቶች ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። እርሱ ቀና ሲል እርሷ ታቀረቅራለች፤ እርሷ ቀና ስትል እርሱ ያልጠፋ ብሎን ይፈልጋል። ሃያ ዓመት የሞላት ዓዲላ የምትሰጋው፣ ሞተሯ ፈጽማ የዳነች ዕለት ይህ ሰው ከሚሴን የሚረግጥበት ምክንያት ያልቃል ብላ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ዓዲላ?» ሲል ሸምሱ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣት በዚያ ጠዋት።

«ነጋ፤ አልሐምዱ ሊላህ። መንገዱ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሞተራችሁ ነው፤ ዳገት አስቸገረው።»

ሸምሱ የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አወረደ፤ ሲሊንደሩን ከፒስተኑ ላይ መዞ በቤንዚን አጠበና ወደ ፀሐይ አዙሮ ውስጡን ተመለከተ። ፒስተኑ ዘመኑን ሁሉ ሲመላለስበት በኖረው ግድግዳ ላይ ስስ ጭረት ይታያል። የጭረቱ ጥልቀት የሚለየው ጥፍር ሲጎተትበት ነው፤ ጥፍርን ከያዘ ሲሊንደሩ ተበላሽቷል፤ ካልያዘ ገና ያገለግላል።

«የእኔን ጥፍር ብረት በልቶታል» አለ ሸምሱ። «ዓዲላ፣ እስቲ በአንቺ ይሞከር።»

ዓዲላ እናቷን አየች።

«ብረት ነው እኮ፤ አይነክስሽም» አሉ ወይዘሮ ሶፍያ።

ጥፍሯ በሐር ላይ የሚሄድ ያህል ተንሸራተተ። አንዳች የያዘው ነገር አልነበረም። ቀና ስትል የሸምሱ ዓይን ያረፈው በብረቱ ላይ ሳይሆን በፊቷ ላይ ነበር። ደህና ነው ብትል ሥራው ዛሬውኑ ያልቃል፤ ተበላሽቷል ብትል ግን ገና ብዙ ይመላለሳል።

«ይይዛል» አለች።

ሐጂ ከደጃፉ ሆነው ሰሙ። «ይይዛል? እንግዲያውስ በቃኝ። ትሸጥና በቅሎ እገዛለሁ። ሸምሱ ልጄ፣ የደሴው መኪና ሳያመልጥህ ዕቃህን ሰብስብ።»

ሸምሱ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ይጠቀልል ጀመር። ዓዲላ መርፌዋን ከጥልፉ ላይ አሳልፋ ጣቷን ወጋች።

«አባባ፣ አይይዝም።»

«ምን አልሽ?»

«ጥፍሬን አልያዘውም። ዋሽቼ ነው።»

የወይዘሮ ሶፍያ እጅ ማሽላው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ሸምሱ የፒስተኑን ወገብ የሚታጠቀውን የብረት ቀለበት፣ ፋሻውን፣ አውልቆ ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ አስገባ፤ በፒስተኑ አናት ገፋ አድርጎ አስተካከለውና የጫፎቹን ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ለካ። የአሮጌው ፋሻ ጫፎች በጣም ተራርቀዋል። ከሳጥኑ ያወጣው አዲሱ ግን ልክ ሆነ።

«ያረጀው ፋሻው ነው ሐጂ፤ ሲሊንደሩ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ይችን ልጅ ምን አዋሻት?»

ወይዘሮ ሶፍያ፣ «የከብት ጥርስ አይተው ዕድሜ የሚነግሩን ሰውዬ፣ የልጅዎን ፊት ማንበብ ተሳነዎት?» አሉ።

ሐጂ ወይፈን እንደሚመረምሩ ሁሉ የሸምሱን እጅ ያዙና አገላብጠው አዩት። ጥፍሮቹ ሁሉ ሙሉ ነበሩ፤ የትንሿ ጣቱማ ገብስ አክላለች።

«ብረት የበላው ይህን ጥፍር ነው?»

«አፉ በሉኝ፣ ሐጂ። ከአጠገቤ የማቆምበት ሌላ ዘዴ አጣሁ።»

ሐጂ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «ሰው ሽማግሌ ሲልክ አውቃለሁ፤ ሲሊንደር ሲልክ ግን ያየሁት ዛሬ ነው። ሞተሯን ጨርስና በእርሷው ሂድ። የደሴን ዳገት ሳትገፋት ከወጣህ አባትህንና ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና። ደግሞ ስማኝ፤ ልጄን እዚሁ ከሚሴ ለሚያኖራት እንጂ መንገድ ለመንገድ ለሚያዞራት አልሰጥም።»

«ከደጅዎ አጠገብ ጋራዥ እከፍታለሁ።»

«አጠገቤስ አይሁን፤ ጫጫታው አያስተኛኝም።»

ከሰዓት በኋላ ሞተሯ ተነሣች። ዓዲላ ደጃፉ ላይ ቆማ ድምፁ ወደ ሐርቡ አቅጣጫ እየራቀ ሲሄድ አዳመጠች፤ ይቆራረጥ ይሆን ብላ ትንፋሿን ያዘች። አልተቆራረጠም።

«ግቢ እንጂ» አሏት እናቷ። «ዳገቱ ያለው ደሴ ነው፤ ከዚህ አትገፊለትም።»

ዓርብ ከጁምዓ ስግደት በኋላ ሽማግሌዎቹ፣ አባት ከተቀበለው እሺታ የሚሆነውን የልመና እቅፍ ጫት ይዘው መጡ። ሸምሱ በሞተሯ ከፊታቸው ደረሰ። ሐጂ ሰላምታውን እንኳ ሳያስቀድሙ ወጡ።

«ገፋሃት?»

«አልገፋኋትም።»

ሐጂ ጫቱን ከሽማግሌዎቹ እጅ ተቀብለው ወደ ቤት አስገቧቸው። ዓዲላ ከመጋረጃው ጀርባ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸምሱ ወደዚያ ቤት ለመምጣት የሚበላሽ ነገር አላስፈለገውም።