ለአንተ ብዬ አላምንም

እስከዳር ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው አባቷ የሞተ ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያስተማራት፣ ጎንደር ፒያሳ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራ የሚውል የፎቶ ኮፒ ማሽን ነው። ያባዛችውን ሁሉ ታነባለች። የነርሶች ሞጁል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ አይቀራትም። «ሦስተኛው ገጽህ ከአስረኛው ጋር ተጣልቷል፤ አስታርቃቸው» ብላ ያላስደነገጠችው ተመራቂ የለም።

አፏ ምላጭ ነው ይሏታል። እሷም «ምላጭ የሚፈራ ጢም ያለው ነው» ትላለች።

ታዲያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጽሑፎች መጡላት። ሰኞ ዕለት የሰፈሯ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች እስልምና ስሕተት መሆኑን የሚያስረዳ ሠላሳ ገጽ አመጡ። ሐሙስ ደግሞ አንድ ረጅም፣ ጠይም ወጣት ክርስትና መበረዙን የሚያስረዳ ሃያ ስምንት ገጽ ይዞ ገባ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ እስከዳር ሳቋ አመለጣት።

«ምነው እህቴ፣ ምን ያስቅሻል?»

«ይኸ ጽሑፍ ሰኞ ካባዛሁት ጋር መንታ ነው። እነሱ የናንተን ገደሉ፣ እናንተ የነሱን ገደላችሁ፣ ቀብር ላይ የተገኘ ግን የለም። ደግሞ እየው፣ ከወንጌል የጠቀሳችሁት ግማሹን ነው። ቀጣዩን መስመር ማን በላው?»

«እኔ አልጻፍኩትም፤ አባዛ ተብዬ ነው።»

«ሳታነበው ልታድለው? ሸጋ! ጠላቱን ሳያይ የሚተኩስ ወታደር።»

ወጣቱ አልተቆጣም። እንድሪስ ይባላል፤ በሙስሊሞቹ ሰፈር በአዲስ ዓለም ከአባቱ ጋር ልብስ ይሰፋል። «የሰኞዎቹ የጠቀሱትንስ ከቁርኣን ጋር አመሳክረሽዋል?» አላት።

እስከዳር ሃያ ስምንቱን ገጽ እንደገና መቁጠር ጀመረች። ቁርኣን ገልጣ አታውቅም ነበር።

እሱ ከሄደ በኋላ እጇን አንገቷ ላይ ወዳለው ማተብ ሰደደች። ማተቡን በጨቅላነቷ እናቷ በትውልድ ከተማዋ በአይከል አስረውላታል። «አይከል ባልወለድና አዲስ ዓለም ብወለድ ኖሮ፣ ዛሬ ይኼ ማተብ የት ነበር?» አለች ለራሷ። ጥያቄው እሾህ ሆኖ ገባባት። እስከዳር ደግሞ እሾህ ተሰክቶባት የምታነክስ ሴት አይደለችም፤ ትነቅለዋለች።

በሳምንቱ እንድሪስ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የአማርኛ ቁርኣን ይዞ መጣ። «ታጥበሽ ያዢው» አላት። እሷም መጽሐፍ ቅዱሷን ሰጠችው። «ተሳልመህ ባትገልጠው እንኳ ክርን እንዳታስደግፍበት» አለችው።

የንባባቸውን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት። በራሪ ወረቀት ክልክል ነው። መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል። የአንዱን ከባድ ጥያቄ ሌላው ይዞ ወደ ራሱ መምህር ይሄዳል፤ መልሱንም ሳይቀባ ያመጣል።

እንዲህ ሆኖ እስከዳር መምሬ ህሩይን፣ የንስሐ አባቷን፣ ጠየቀቻቸው። «አባቴ፣ አምላክ አንድ ከሆነ እንዴት ይወልዳል? ደግሞስ እንዴት ይሰቀላል?»

መምሬ ህሩይ መቋሚያቸውን ተደግፈው አዩዋት። «ይህን ጥያቄ ማን አስተማረሽ?»

«የሚያሳስብዎ ጥያቄው ነው ወይስ ጠያቂው?»

«ሁለቱም! አንች ልጅ፣ ምላስሽን ጠበል ያስፈልገዋል» አሉና ሳቁ። ከዚያ ግን ተቀምጠው ቀኑ እስኪሸሽ አስረዷት። «ቃል ሥጋ ኮነ» እያሉ፣ ሲደክማቸው እያረፉ። ያልተመለሰውንም «ይህ ምሥጢር ነው፤ አላውቀውም» አሏት። ያን ቀን ከሁሉ ይልቅ ያመነቻቸው እዚህ ላይ ነው። እንድሪስም የመስጊዳቸውን ሸህ ጠይቆ፣ አንድ ጊዜ ተቆጥተው አንድ ጊዜ መክረውት ተመለሰ።

የሚገናኙት ረቡዕ በምሳ ሰዓት፣ ዓርብ ደግሞ ከጁምዓ ሶላት መልስ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። በጎንደር ክርስቲያን የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላምም የክርስቲያን አይበላም፤ ሥጋው የማን ቢላ እንደነካው ይጠየቃል። የጾም ሽሮ ግን ቢላ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ከአንድ ትሪ የሚበሉት በጾም ቀን ብቻ ሆነ። እስከዳር መጀመሪያ በሽሮው ላይ ትከራከር ነበር። ኋላ ኋላ ማክሰኞ ሲመሽ ልቧ መምታት ጀመረ።

አንድ ዓርብ በክርክር መሐል እንድሪስ ጉርሻ ጠቅልሎ እጁን ሊዘረጋ ሲል ቆመ።

«ምን ጠበቅክ?» አለችው።

«ይኼኛው ጥያቄ አይደለም፤ መልስ እንዳትፈልጊለት ብዬ ነው።»

ጎረሰች። መልስም አልሰጠች።

ወሬ እግር አለው፤ አይከል ደረሰ፣ አዲስ ዓለምም ገባ። የእንድሪስ አባት «ትስለምና ነገውኑ ኒካሕ እናስራለን» አሉ። የእስከዳር እናት ወይዘሮ አዛለችም «ይጠመቅና በእልልታ እቀበለዋለሁ» አሉ። የሁለቱም ቤት ቃል አንድ ነበር፤ ስሙን ብቻ መለዋወጥ ነው።

«እኔ ልለወጥልሽ» አላት እንድሪስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለእኔ ብለህ ብትጠመቅ ውሃው ያጥብሃል እንጂ አያድንህም። እኔም ለአንተ ብዬ አላምንም። እውነቱን ካገኘነው ይግዛን፤ በመዋደዳችን ልንገዛው ግን አንችልም።»

«አንች ሴት፣ ለመወደድ እንኳ ሕግ ታወጫለሽ።»

ጥር ላይ፣ ከጥምቀት በኋላ፣ ታናሽ እህቷ አዜብ አይከል ላይ ተዳረች። እስከዳር እንድሪስን ጋበዘችው፤ ተደብቆ የሚወደድ ሰው አልፈልግም ብላ። እንደ ወጉ ለሙስሊም ጎረቤቶች በግ ለብቻ ቀርቦ፣ የራሳቸው ሰው ባርኮ አርዶት፣ በራሳቸው ድስት ተሠርቶላቸው፣ በራሳቸው ዳስ ተቀምጠዋል። እንድሪስም እዚያ ነበር።

የእናቷ ወንድም አያ እንግዳው ግን ሌላ ነገር አስበዋል። እንድሪስን እጁን ይዘው ወደ ክርስቲያኑ ዳስ አመጡትና መሐል አስቀመጡት። ከክርስቲያኑ ድስት ሥጋ አስወጡ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉና አነሡት።

«እንግዲህ ጎበዝ! ልጃችንን የወደደ ሥጋችንን ይብላ። ከበላህ የኛ ነህ፤ ክርስትናውን ነገ እናስነሣለን። ካልበላህ መንገዱ ያው!»

በዚያ አገር ይኼ ጉርሻ ምን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል፤ የበላ ሃይማኖቱን ለወጠ ነው። ሴቶቹ ለእልልታ አፋቸውን አሰናዱ። ወይዘሮ አዛለች ነጠላቸውን ጨብጠው ቆሙ።

እንድሪስ እስከዳርን አያት። ዓይኑ ውስጥ ያለውን ሁሉ አነበበችው፤ ፍቅሩን፣ ፍርሃቱን፣ ቁርጡን። አፉን ከፈተ።

እስከዳር አንድ ቃል ሳትናገር ብትቀመጥ ኖሮ ሠርጓ በቀጣዩ ወር ነበር። እሷም ታውቀዋለች። ልቧ «ዝም በይ! አንድ ጊዜ እንኳ ዝም በይ!» እያለ ይለምናታል።

ተነሥታ የአጎቷን ክንድ ያዘች።

«አያ፣ ይመልሱት።»

«ምን አልሽ አንች?»

«ይመልሱት። ይኸ ሰው አላመነም። የወደደው እኔን ነው፤ እኔ ደግሞ አምላክ አይደለሁም።»

«ኧረ ምነው ልጄ! በገዛ እጅሽ?» አሉ እናቷ። ከኋላ አንዷ «ከአፏ ይሰውረን፣ ባሏን አባረረች!» ስትል ሰማች። አያ እንግዳው ጉርሻውን ትሪው ላይ ጣሉት። ለእልልታ የተሰናዳው አፍ ሁሉ ለሐሜት ዋለ።

እንድሪስን ከዳሱ ጀርባ አገኘችው። ተቆጥቶ ነበር፤ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«በስንት ሰው ፊት አዋረድሽኝ! የናንተ ምግብ በመጽሐፌ ተፈቅዷል፤ ራስሽ አንብበሽዋል። ብበላው ምን ነበረበት?»

«ለአንተ ምግብ ነው። ለነሱ ጥምቀት ነው። አንተ ምግብ ስትበላ እነሱ ለጥምቀትህ እልል ሊሉ ነበር። በውሸት እልልታ ልታገባኝ ነው? ነገ ስትሰግድ ባገኝህስ፣ ከማን ተደብቀህ ነው የምትሰግድ?»

እንድሪስ ጉቶ ላይ ተቀመጠ። ቁጣው ቀስ እያለ ከትከሻው ወረደ።

«ታዲያ ምን እናድርግ?»

«እንለያይ። አንድ ዓመት። እኔ ፊትህ ሆኜ አንተ በቅን ልትፈርድ አትችልም፤ እኔም እንደዚያው። በሚመጣው ጥር፣ ማንንም ለማስደሰት ሳንል ያገኘነውን ይዘን እንገናኝ።»

ያ ዓመት እንዲህ በቀላሉ አላለፈም። እናቷ አራት ወር አላናገሯትም። እስከዳር አነበበች፣ ጠየቀች፣ እንደገና አነበበች። ራሷን ስትታዘብ አንድ ነገር ደረሰችበት። የናፈቃት ቀን ቁርኣኑ እውነት በሆነ ትላለች፤ የተቀየመችው ቀን ወንጌሉ። በእነዚህ ቀናት መጽሐፉን ትዘጋና ሥራዋን ትሠራለች። ልቧ ጸጥ ባለ ቀን ብቻ ትገልጠዋለች፤ እንዲህ ያለ ቀንም ብዙ አልነበረም።

ጥር ደረሰ። እንድሪስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሱቋ በር ላይ ቆመ። ጢም አሳድጓል።

«ምላጭ መፍራት ጀመርክ?» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

«አንች ቅደሚ።»

«አይሆንም፤ እንግዳ ይቀድማል።»

«እሺ» አለ። «እኔ የአላህ ከፍታ ነው የያዘኝ፣ እስከዳር። ማንም የማይደርስበት፣ ከምንም ጋር የማይቀላቀል መሆኑ። ስሰግድ እውነት እንደማደርግ አውቃለሁ። ድሮ የአባቴን ነበር የምሰግደው፤ አሁን የራሴን ነው።»

እስከዳር ራሷን ነቀነቀች።

«እኔን የያዘኝ አንተን የሚያስፈራህ ነው። አምላክ ዝቅ ማለቱ። እዚህ ድረስ፣ እስከ መስቀል ድረስ ስለ እኔ መውረዱ። ሸሽቼው ነበር እኮ። ስላንተ ብዬ ሸሸሁት፤ ደረሰብኝ።»

መንገደኛው ያልፋል፤ ከተማው ሥራውን ይሠራል።

«የእኔ መጽሐፍ አንችን ክርስቲያን ሆነሽ እንዳገባሽ ይፈቅዳል» አለ በመጨረሻ። «በማዘጋጃ ቤት እንፈራረም። አባቴን እኔ እችለዋለሁ። ማተብሽን አልነካም። የእኔ በር ክፍት ነው።»

«አውቃለሁ። የእኔ ነው የተዘጋው። ካንተ ጋር ብፈራረም ከቁርባኑ እቀራለሁ። ዓመት ሙሉ ፈልጌ ያገኘሁትን ባገኘሁበት ቀን ልጣለው?»

«እኔንስ?»

ምላጭ የተባለው አፏ ለዚህ ቃል አልነበረውም። ዓይኗ ግን አልዋሸውም፤ ሳትሰብረው፣ ሳትሸሸግ፣ እንባው ጠርዙ ላይ ቆሞ እያየችው ቆየች። እሱም ገባው።

«ዱዓ ላድርግልሽ?»

«አድርግልኝ። እኔም በስምህ እጸልያለሁ። ተመለስ ብዬ ግን አይደለም። ከሁለት አንዳችን ተሳስተናልና፣ ለተሳሳተው ይብራለት ብዬ።»

«አሁንም ትከራከሪያለሽ» አለ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ አቃተው።

እንድሪስ መንገዱን ተሻግሮ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሾፌሩ ግን አልተነሣም፤ አንገቱን አውጥቶ ይጣራል።

«አዲስ ዓለም! አዲስ ዓለም አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረኝ!» ዓይኑ በሯ ላይ ከቆመችው እስከዳር ላይ አረፈ። «እህቴ፣ ትሄጃለሽ?»

ባዶው ቦታ ከእንድሪስ አጠገብ ነበር። እሱ ዞሮ አላያትም፤ እንዳይለምናት።

«አልሄድም» አለች እስከዳር። ወደ ሱቋ ተመልሳ ማሽኑን አስነሣች።