ክንፍ የበቀለላት የስፌት መኪና

ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንኳን ሳታወልቅ ከሥራ በርራ መጥታ አዳራሹ መሀል ክው ብላ ቀረች።

«ምነው? አላማረሽም እንዴ?» አላት ሠዓሊው።

ጓደኞቹ «ዝገት» ይሉታል፤ ከወዳደቀ ብረት ጋር ስለሚውል ነው። የተዋወቁትም በዚሁ ጦስ ነው። ቆርቆሮ የቆረጠውን ጣቱን በመሀረብ ጠቅልሎ መድኃኒት ቤቷ ገባ፣ በፋሻ አሰረችለት። በሳምንቱ ሌላ ጣት ይዞ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድም ጣት ሳይቆረጥ መጣ፤ እሷም ምን ፈልገህ ነው ሳትለው ሳቀች። ይኸው ሁለት ዓመታቸው።

ዛሬ ሳቅ የለም። በሰማያዊና በብርቱካናማ የተጥለቀለቁት ሥዕሎች ጭራሽ አልታዩዋትም። ዓይኗ መሀል ላይ የቆመው ቅርጽ ላይ ተተክሏል። ሁለት ትልልቅ የቆርቆሮ ክንፎች፣ የብስክሌት ሰንሰለት አንገት፣ ሆዱ ደግሞ ጥቁር የስፌት መኪና።

«ይሄን መኪና ከየት አመጣኸው?»

«ወርክሾፑ በር ላይ ነዋ! ሰው የማይፈልገውን ብረት እያመጣ ይጥልልኝ የለ?»

«እኔ ነኝ ያመጣሁት! እግሯን እንድትበይድልኝ። አንተን ሳጣህ በሩ ላይ ትቻት ሄድኩ። ሥራ በዝቶብሃል ብዬ እስከ ዛሬ አልጨቀጨቅኩህም።»

«እኔም ሥራዬን እስከ መክፈቻው አላሳይሽም ብዬ...» ድምፁ ቀጠነ። «የማን ናት?»

«የእናቴ።»

ዝገት ወንበር ፈለገ፤ ሲያጣ የቀለም ባልዲ ላይ ዘፍ አለ። ወይ ጣጣ! እናቷ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባቷ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሱቃቸው ውስጥ ሦስት የኤሌክትሪክ ስፌት መኪና እያላቸው፣ ያቺን የሚስታቸውን መኪና በየቅዳሜው በእጃቸው ዘይት ይቀቧት ነበር። «የት ደረሰች?» ባሏት ቁጥር «ወረፋ ይዛለች» ትላቸዋለች።

ይህም ባልከፋ። አባትየው ሁለት ዓመት ሙሉ «ያ ቆርቆሮ ለቃሚ ቤቴን እንዳይረግጥ» ሲሉ ከርመው፣ ትናንት በስንት ልመና «እሺ፣ ሥራውን ልየውና ስለ ጋብቻው ቃሌን እሰጣለሁ» ብለዋል። ዛሬ ሊመጡ ነው።

«በጨርቅ እንሸፍናት» አለ ዝገት።

«ዕድሜ ልክ?»

ፋርማሲስቷ አንዱንም ልታጣ አትችልም፤ አባቷንም፣ ይሄን ባልዲ ላይ የተኮራመተ ሰውም።

በሩ ተከፈተ። ልብስ ሰፊ ሰዓት ያከብራል፤ ሃያ ደቂቃ ቀድመው መጡ፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንደረሱት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ መጀመሪያ ያገኙትን ሥዕል እያዩ።

«ዝናብ ነው፣ አባባ።»

«እንግዲህ ዝናብ ነው ካልክ ዝናብ ነው» ብለው ዞር አሉ። ዞር ሲሉ መኪናዋን አዩ።

ቀስ ብለው ሄደው መኪናዋ ላይ የተሣለውን፣ የተላጠ ወርቃማ አበባ በጣታቸው ዳበሱ።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ልጅቱ።

«የለም፣ የኔ ነው። ሳልጠይቅ ያነሳኋት እኔ ነኝ» አለ ዝገት። ከኪሱ መፍቻ አወጣ። በመጥሪያው ወረቀት ላይ የታተመው ይኸው ቅርጽ ነው፤ ሦስት ወር እንቅልፍ አጥቶበታል። ብሎኑን ሲያላላ አንዱ ክንፍ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ተው!» ጮኹ አባትየው። «ሰው ሊገባ ነው። ባለቤቴ ሰው ፊት መገላለጥ አትወድም ነበር።»

ዝገት ክንፉን አንስቶ መልሶ ያስር ጀመር።

«ክንፉን ለምን አደረግህላት?»

«እንጃ፣ አባባ። ፔዳሏን ሳየው በእግር አልቋል። ብዙ የደከመች ሴት የሠራችባት መሰለኝ። ትረፍ ብዬ ነው።»

አባትየው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያንን ዝናብ ረጅም ጊዜ አዩት። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ኤግዚቢሽኑ ሲያልቅ ቤት ታመጣታለህ። እዚያው እየተመላለስክ ትጠግናታለህ።»

«ቤት? እሺ፣ አባባ! ቢበዛ ሁለት ቀን ነው የሚፈጅብኝ።»

አባትየው ልጃቸውን አዩ፣ እሱን አዩ።

«ሁለት ቀን? ምን ያቻኩልሃል?» አሉት። «ቤተሰብ በሁለት ቀን ይለመዳል እንዴ? ቀስ ብለህ ሥራ።»