በሶዳ የታጠበው ብር

የጥንታዊ ዕቃዎች ገማቿ በሩ ሲከፈት ቀና አላለችም። የመድኃኒት ቀማሚውን ኮቴ ከአራት ዓመት በኋላም አልረሳችውም።

«ደህና ዋልሽ?»

«ደህና። ምን ልታዘዝ?» አለችው፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ቀለበት ሊያስሩ ሳምንት ሲቀራቸው እናቱ በሰው ፊት «ልጄን ለዝገት ጠራጊ አልድርም» ብላ ነበር። እሱንስ በቻለችው። ያልቻለችው የመድኃኒት ቀማሚውን ዝምታ ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጦ የጫማውን ክር ያይ ነበር። ያን ቀን «እግዜር ያሳየኛል» አለች። ጸሎት ይሁን እርግማን ራሷም አልለየችውም፤ ግን አንድም ማታ ሳትለው ተኝታ አታውቅም።

አሁን የእንጨት ሳጥን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ።

«የአሜሪካ ሳንቲሞች ናቸው። አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ በመርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል ያጠራቀማቸው። ለኔ ሰጠኝ። እስቲ ገምቺያቸው።»

ከፈተችው። አሥራ ሁለት የብር ዶላሮች እንደ መስታወት አበሩባት። ደነገጠች። የመቶ ዓመት ብር እንዲህ አያበራም።

በጠርዛቸው እየያዘች አንድ በአንድ መዘነች፣ በአጉሊ መነጽር አየች። አሥራ አንዱ ተራ ነበሩ። አሥራ ሁለተኛውን ስትገለብጥ እጇ ቆመ። ዓመቱ 1893፤ ከጀርባው በአበባ ጉንጉኑ ሥር ሳንቲሙ የተመታበትን ከተማ የምትነግር አንዲት ትንሽ ፊደል። መጽሐፏን አውጥታ ፊደሏን ከሥዕሉ ጋር ደጋግማ አስተያየች። እውነተኛ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ እጅግ ብርቅ ነው። ፊቱ ግን ከዳር እስከ ዳር በቀጫጭን ጭረት ተሞልቷል፤ የተፈተገ ሳንቲም ደግሞ ዋጋው ይወድቃል።

«ማነው የወለወላቸው?»

«እኔ» አለ ደረቱን ነፋ አድርጎ። «ሶዳና የጥርስ ሳሙና ቀላቅዬ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ።»

አራት ዓመት የጠበቀችው ቀን በገዛ እግሩ መጥቶላታል።

«እንግዲያው ስማኝ» አለች፣ ቃሉን እያጣጣመች። «ይቺ አንዷ፣ ባትነካት ኖሮ፣ ቤት ትገዛልህ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ በረንዳውን። እሱንም ሻጩ ደግ ከሆነ።»

ፊቱ ሲጠቁር ለማየት ጠበቀች። እሱ ግን እጆቹን አየ። የጣቶቹ ጫፍ ተሰነጣጥቋል።

«ልሸጣቸው አይደለም። ላንቺ ነው ያመጣኋቸው። እናቴ የናቀችውን ሥራሽን በእጄ ልሥራው፣ ይቅርታዬ ይሁን ብዬ… ሌላ መንገድ አጣሁ።»

«አፍህስ? ያን ቀን የት አስቀምጠኸው ነበር?»

«ፈርቼ ነበር።»

የተሰነጣጠቁ ጣቶቹን አየች፤ ሳቋ አመለጣት።

«ይቅርታ ለመጠየቅ ብሎ ቤቱን በጥርስ ሳሙና የሚያጥብ ካንተ በቀር የለም!»

እሱም ፈገግ ሲል ሳቋን ዋጠችው። በዚህ ዋጋማ አትለቀውም።

«እናትህን ይዘሃት ና። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ለልጄ ሚስት ሁኚለት ብላ በራሷ አፍ ትጠይቀኝ።»

«ትሞታለች እንጂ አትመጣም።»

«እንግዲያስ አንተም አትምጣ። ሳጥንህን ያዝ።»

በዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ እናቱ ክንዱን ተደግፋ ገባች። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እስኪበርድላት ተነፈሰች።

«ይኸውልሽ፣ እስከ ዛሬ ቀና ብሎ የማያየኝ ልጅ፣ ‹ያኔ ዝም ያልኩት አንቺን ፈርቼ ነው፤ ከእንግዲህ አልፈራም› አለኝ።» ቁጣዋ ውስጥ ኩራት ቢጤ ነበረበት። «በድዬሻለሁ ልጄ። ለልጄ ሚስት ሁኚለት።»

አራት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀቻቸው መልሶች ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ተሰለፉ። አንዱንም አላወጣችም፤ ዝምታውን ብቻ አስረዘመችው። እናቲቱ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠቀልል፣ ልጁ ላቡን ሲጠርግ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ እንዴት ደስ አላት!

«አስብበታለሁ እማማ» አለች በመጨረሻ። «ደረጃው ላይ እንዳይወድቁ።»

ወጡ። በመስኮቱ ታያቸዋለች። ዞሮ አያት፤ አልተነቃነቀችም። እንደገና ዞረ፤ አሁንም አልተነቃነቀችም። አንድ ሳምንት እንዲቃጠል ወስናለች። ለሦስተኛ ጊዜ ሲዞር ከመብራት ምሰሶ ጋር በግንባሩ ተላተመ።

«ወይኔ!» ብላ አጉሊ መነጽሯን እንደያዘች ሮጣ ወጣች።