ማግኔቱና የየኔታ እጅ

የኔታ ገብረ ኢየሱስ ከምርመራ ክፍሉ በገዛ እግራቸው ወጥተው ማረፊያ ክፍል በገቡ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተው ተገኙ። ወሬውን የሰማው የንፋስ መውጫ ገበያተኛ የሆስፒታሉን ግቢ ከቦ «የሰው አንጎል የምትነካካዋን አውጡልን!» ይላል። ዶክተር መስከረም በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ከጩኸቱ ይልቅ ያራዳት ግን አንድ ሐሳብ ነበር፤ እኔው ገድያቸው ቢሆንስ?

መሣሪያዋ በራስ ቅል ላይ የሚያርፍ የሽቦ ጥቅልል ነው። «ቀጭ» ባለ ቁጥር ማግኔቱ አንጎልን ይቀሰቅስና አውራ ጣት ብድግ ይላል። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰዎችን የምታጠናው በዚህ ነው።

ምክትል ኢንስፔክተር ጓዴ ለነገር የማይቸኩል፣ ዓይኑ ግን የማይቦዝን ሰው ነው። ከሬሳው አጠገብ የተገኘውን ባዶ ኩባያ አሸተተ።

«የተባይ መድኃኒት» አለ።

መጀመሪያ ያናገረው ኃይለ ሚካኤልን ነው። የየኔታ እጅ ከታመመ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ በወንበራቸው ተቀምጦ ድጓ የሚያስተምረው ረዳታቸው እሱ ነው።

«በር ላይ ነበርሁ» አለ ኃይለ ሚካኤል። «ይዘነው የመጣነውን ጠበል ራሳቸው ቀዱ፣ ራሳቸው ጠጡ። እጃቸውማ ጸጥ ብሏል። ማሽኑ እጃቸውን አድኖ ልቦናቸውን ወሰደው እንጂ!»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች እያለቀሱ «የጠበሉን ጠርሙስ በመንገድ ስንቀባበለው ነው የመጣነው። እኔንም ጠርጥሩኝ» አሉ።

ጓዴ ሬሳው ላይ ጎንበስ ብሎ የነጠላውን ጥለት፣ አንገቱን፣ ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። ከዚያ ወደ መስከረም ዞረ።

«ዶክተር፣ እጃቸው ቆሞ ነበር?»

መስከረም የመለኪያውን ወረቀት አነሳች። ቆሟል ብትል የሚያመሰግናት ይኖር ይሆናል። «አልቆመም» አለች። «ይህ መለኪያ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። ዛሬማ ፈርተው ስለነበር ብሶባቸዋል። ይኸው ወረቀቱ።» ወረቀቱ ላይ የእጃቸው ንዝረት እስከ መጨረሻው ደቂቃ እንደ መጋዝ ጥርስ ወጣ ገባ ይላል።

ጓዴ ሦስቱን ሰበሰበ። የውጪው ጩኸት በሩን ያንቀጠቅጠዋል።

«ኩባያው ሙሉ ጠበል ይይዛል» ብሎ ጀመረ። «እንዲህ ያለ እጅ ቢያነሳው ግማሹ ደረት ላይ ይፈሳል። የየኔታ ነጠላ ግን ደረቅ ነው፤ ወለሉም ደረቅ ነው። እንግዲህ ሰው አጠጥቷቸዋል። ወይዘሮ አሰለፈች፣ ከማን እጅ ይጠጣሉ?»

«ከእኔ እንኳ ያፍሩ ነበር። ከኃይለ ሚካኤል በቀር ማንም አያጠጣቸውም።»

«ቢመራቸውም ጠበል አይተፋም፤ ዋጡት» አለ ጓዴ፤ ወደ ኃይለ ሚካኤልም ዞረ። «መምህር፣ ‹እጃቸው ጸጥ ብሏል› ያሉኝ ለምንድን ነው? ማንም አላለም። ዶክተር፣ ትናንት በመጀመሪያው ምርመራ በመስኮት ያየ ሰው ነበር?»

መስከረም ትዝ አላት። «መምህር ኃይለ ሚካኤል ነበሩ። የየኔታ አውራ ጣት ብድግ ሲል ‹ዳኑ!› ብለው ጮኹ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።»

«የኔታ ድነው ይመለሳሉ፣ ወንበሩንም ይረከባሉ ብለው ፈሩ። ለዚህ ነው ዛሬ መርዙ የመጣው።»

ኃይለ ሚካኤል ወደ በሩ አፈገፈገ። «ሦስት ዓመት ያስተማርሁት እኔ ነኝ!» አለ፤ ከዚያም ድምፁ ሰለለ። «ተመልሼ ከተማሪ ጋር ልቀመጥ ኖሯል?»

ወይዘሮ አሰለፈች እንባቸውን አቋርጠው አዩት። «ምን ልትቀማ ነው ልጄ? የኔታ እንደማይድኑ ያውቁ ነበር። ‹ከእኔ በኋላ ለሚታመም ይጠቅም› ብለው ነው የመጡት። ወንበሩንማ በመጪው እሑድ በሕዝብ ፊት ሊመርቁልህ ነበር።»

ኃይለ ሚካኤል የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶት ወደ መስከረም ዞረ። «እውነት አይድኑም ነበር?»

መስከረም አሁንም እየፈራች ነው። ሆኖም ዓይኑን ሳትሸሽ መለሰችለት።

«አይድኑም ነበር።»