ነጩ አይሰቀልም

ኢቢሴ በሞተች በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚያው ለቅሶ ቤቷ ውስጥ ተናገረች።

«ነጩ አይሰቀልም። አይተኮስም። ይጠቀለላል።»

ድምፁ የራሷ ነው። ረጋ ያለ፣ ኦሮምኛ ቅላፄ ያለበት። ሳሎን የነበረው ሰው በሙሉ ደርቆ ቀረ። ከዚያ ልጇ ዱረቲ ተነሳችና ኩሽና መደርደሪያ ላይ ቻርጅ የተሰካውን የእናቷን ስልክ ነካ ስታደርገው ዝም አለ። አላርም ነው። እናቷ ሻንጣ ስታዘጋጅ እንዳትረሳ የገዛ ድምፅዋን ቀድታ የሞላችላት ዱረቲ ናት። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ይናገራል። አጥፊው ቢሏት እምቢ ብላለች።

የትምወርቅ ይሄን ስትሰማ በር ላይ ቆማ በረዶ የያዘ ቦቲዋን እያወለቀች ነበር። አንድ እግሯን እንዳነሳች ቀረች።

የትምወርቅ አዳማ ፖሊስ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ወንጀል መርምራለች። ሚኒሶታ ከመጣች ወዲህ ግን ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ሰው አሁንም «ሳጅን» ነው የሚላት፣ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለቀልድ። ያን ቀን የጠራት የኢቢሴ ታናሽ ወንድም ቶኩማ ነው። «ሳጅን፣ እህቴስ ሄደች» አላት በስልክ። «ልጅቷ ግን እየተከተለቻት ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ ነኝ የገደልኳት ትላለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢቢሴ ሚኒሶታ፣ ኮሎምቢያ ሃይትስ ውስጥ እቤቷ ሆና ልብስ የምትሰፋ ሴት ነበረች። ከጎረቤቷ ከማሚትና ከማሚት ባል ከጌቱ ጋር ቅዳሜ ወደ ፍሎሪዳ በረው፣ ከዚያ ሰባት ቀን የመርከብ ሽርሽር፣ ክሩዝ፣ ሊሄዱ ነበር። መርከቡ ላይ ደግሞ ካውያ ክልክል ነው፣ እሳት ያስነሳል ተብሎ። ሠላሳ ዓመት ስትተኩስ ለኖረች ሴት ይሄ ስድብ ነው። «ተጨማድጄማ ካፒቴን ፊት አልቆምም» ብላ ወር ሙሉ ዘዴ ስታጠና ከረመች። ሸሚዝ በስስ ወረቀት ይጠቀለላል። ሱሪ ባኞ ቤት ይሰቀልና ሙቅ ውሃ ይከፈታል፣ እንፋሎቱ ያቃናዋል። እነዚህን ዘዴዎች ለማሚትና ለጌቱ በድምፅ ትልክላቸዋለች። ዱረቲ ደግሞ ጭምድድ የሚፈታ ስፕሬይ ገዛችላት፤ ልብሱ ላይ ነፋ፣ በእጅ ጠረግ፣ አለቀ።

ሐሙስ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሚት በትርፍ ቁልፏ ከፍታ ስትገባ ኢቢሴ ባኞ ቤት ወለሉ ላይ ወድቃለች። ጭንቅላቷ ገንዳው ጠርዝ ስር ነው። ወለሉ በስፕሬይ ርሶ እንደ ዘይት ያንሸራትታል፣ ጠርሙሱ አጠገቧ ተጋድሟል፣ ከላይ ነጩ የጥበብ ቀሚሷ ተሰቅሏል። ማሚት 911 ደወለች፣ አስተርጓሚ አገናኟት፣ «ስትተኩስ ሞተችብኝ» አለች። አስተርጓሚው የጠመንጃ መሰለው። አራት የፖሊስ መኪና መጣ፣ ሽጉጥ ተመዞ። ቤቱን በርብረው ያገኙት አንድ ካውያ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩ አሳፍሯቸው ነው መሰለኝ ብዙም አልቆዩ። አንሸራቷት ነው፣ አደጋ ነው፣ አሉ።

ስፕሬዩን የገዛችው ደግሞ ዱረቲ ናት።

የትምወርቅ ሄዳ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። አላባበለቻትም።

«ስፕሬዩን እናትሽ ስንቴ ተጠቅማበታለች?»

«ኔቨር» አለች ዱረቲ፣ ቀና ሳትል። «ዌንዝዴይ ማታ ነው ያመጣሁላት። ሙሉ ነበር።»

«አሁንስ?»

«ኦልሞስት ኤምፕቲ፣ አንቲ።»

የትምወርቅ ተነሳች።

ባኞ ቤቱን ከሐሙስ ወዲህ የደፈረ የለም። ለቀስተኛው ሁሉ ለመታጠቢያ ማሚት ቤት ነው የሚሄደው። በሩን ስትከፍተው ቀሚሱ እዚያው ነው። ማሞቂያው ከታች ሲነፍስ እጅጌው ትንሽ ከፍ ይልና ይመለሳል፣ ልክ ነይ ግቢ እንደሚል ሰው። የትምወርቅ ሬሳ ብዙ አይታለች፤ ቀሚስ ፈርታ ግን አታውቅም። ትንሽ ቆመችና ተጠጋች።

ከአንገቱ እስከ ጫፉ የእጥፋት መስመር አለው፣ በቢላ የተሰመረ ይመስላል። አሸተተችው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጎንበስ ብላ ወለሉን ስታሸት ግን የስፕሬዩ ሽታ አፍንጫዋን በሳው። ጥጥ እርጥበት ከነካው እጥፋቱ ይላላል፣ በቀን አምስት መቶ አንሶላ የሚያልፍባት ሴት ይሄን ማን ይነግራታል። ይሄን ቀሚስ ጠብታ አልነካውም።

ማሚትን ኩሽና ውስጥ አገኘቻት። ማሚት ስታለቅስም ታወራለች። ቁልፉ እንዴት እጇ እንዳለ፣ ለመርከቡ ሦስት ጊዜ ጫማ እንደቀየረች፣ ሁሉንም አወራች። የትምወርቅ አስጨረሰቻትና፦

«አንቺ ብትሆኚ ያንን ቀሚስ እንፋሎት ውስጥ ትሰቅይው ነበር?»

ማሚት እያለቀሰች ሳቀች። «እኔማ አንዴ ሰቅዬው ጥለቱ ቀለም ለቆ፣ ነጩ ቀይ በቀይ ሆኖ፣ ኢቢሴ ሦስት ቀን ዘግታኛለች። የሸማ ልብስ አይሰቀልም ብላ…» አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ዝም አለች፣ ምናልባት በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቶኩማ ራሱም በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር። ረቡዕ ከእህቱ ጋር ተጣልቷል፣ ጩኸታቸው ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። የዘመድ ሰርግ ትተሽ መርከብ ትሄጃለሽ ወይ ነው ጠቡ። የትምወርቅ፣ ሐሙስ ከሚሠራበት የቡርንስቪል መጋዘን ስንት ሰዓት እንደወጣ ስትጠይቀው አልተቆጣም።

«አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ጠይቂያቸው። ተኳርፈን ነው የሞተችው ሳጅን፣ እሱ ይበቃኛል።» ትንሽ አሰበና «ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለ። «ልብስ ባኞ ቤት ተሰቅሎ ምን ይሠራል?»

ጌቱ ግን የለቅሶው ምሰሶ ነው። ወንበር ያመጣል፣ ሰው ይሸኛል፣ ሽማግሌ ይደግፋል። ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ማሚት ካለጥቁር አትወጣም ብላው። የትምወርቅን ሲያያት መቀመጫ ሰጣት።

«ይሄን ጃኬት እንኳን ለመርከቡ ብላ ያጠበበችልኝ እሷ ናት፣ እህቴ። ማክሰኞ ወሰድኩ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን አላየሁም።»

«ቀሚሷን ስትሰቅል ነው አንሸራቷት የሚሉት።»

«እንግዲህ እንፋሎት ያላቃናው ልብስ የለም ስትለን አልነበር?» አለና ወንበር ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ጃኬቱ ሲከፈት ከገበሩ ጫፍ ላይ ነጭ ክር ታየ፣ ረዣዥም እየረገጠ የሄደ። የትምወርቅ ዓይኗን ወደያዘችው ሻይ መለሰች።

ሰው ቀለል ሲል የኢቢሴን ሻንጣ ከፈተች። ሁሉም ተጠቅልሎ፣ ተደርድሮ፣ አንድ ጭምድድ የለበትም። ባለቤቷ የሌለች ግን ያልተጨማደደች ሻንጣ። አንድ በአንድ እየፈታች መልሳ ጠቀለለች። ከታች አንድ ነጠላ ነበር፣ መሀሉ ደረቅ ያለ። ስትፈታው ጠርዙ ላይ ጥቁር የስፌት ክር የተጣበቀበት ፎቶ ወጣ። ሁለት ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው፣ ከኋላቸው ውሃ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ፦ «ላንጋኖ። ከግራ ጌቱ፣ ከቀኝ ደረሰ።»

ብዙ አየችው። ከዚያ ማሚትን ጠርታ ፎቶውን ሳታሳያት «ጌቱ ዋና ይችላል?» ብላ ጠየቀቻት።

ማሚት ጥያቄው ገረማት። ዋና ቀርቶ ገንዳ አጠገብ አይቆምም አለች። ለመርከቡም ስድስት ወር ለምናው ነው እሺ ያለው። አዳማ ያሉት እናቱ ደግሞ ዓይናቸው አያይም፣ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልላቸዋል፣ እሳቸውም ሁሌ «ድምፅህ ተለወጠብኝ ልጄ» ይሉታል። የሚኒሶታ ብርድ ነው እማ፣ ይላቸዋል። ማሚት ይሄን እንደ ቀልድ ነው የነገረቻት።

በማግስቱ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው የትምወርቅ አራቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ቶኩማን ቀደም ብላ አንድ ስልክ አስደውላዋለች። ራሷ ከዱረቲ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«እኔ የማወራው ላንቺ ነው» አለቻት። «ሌሎቹ ይስሙ። እናትሽን ስፕሬዩ አልገደላትም። ጠርሙሱ ረቡዕ ሙሉ ነበር ብለሽኛል፣ ሐሙስ ግን ጥቂት ነው የቀረው። ታዲያ ያ ሁሉ የት ሄደ? ቀሚሱ ላይ ቢነፋ እጥፋቱ በለቀቀ ነበር። እጥፋቱ ግን እንዳለ ነው። ወለሉ ላይ ነው የተደፋው፣ ሆን ተብሎ።»

ዱረቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ቀሚሱን የሰቀለችውም እሷ አይደለችም። ሰፊ ናት፣ ጥለቱ እንፋሎት ሲነካው ቀለም እንደሚለቅ ታውቃለች። በየቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ራሷ እየነገረችን ነው፣ እኛ ፈርተን አልሰማናትም እንጂ። የሰቀለው ሌላ ሰው ነው። እንፋሎት ልብስ እንደሚያቃና ያውቃል፣ ነጩ እንደማይሰቀል ግን አያውቅም። ቶኩማ ስለ እንፋሎቱ ጭራሽ አያውቅም፣ ልብስ ባኞ ቤት ምን ይሠራል ብሎኛል። ማሚት ሁለቱንም ታውቃለች፣ ዘግታታለች በዚህ። ግማሹን ብቻ የሚያውቅ ሰው ቀረ።»

ማሚት ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለቅሶ ቤት ነው ያለነው፣ እህቴ» አለ ጌቱ፣ ረጋ ብሎ። «ማክሰኞ ነው የመጣሁት አልኩሽ።»

«እስቲ ጃኬትህን ግለጠው።»

አልገለጠም። የትምወርቅ ተነስታ ራሷ ጫፉን ገለጠችው። «ይሄ ነጭ ክር ለጊዜው ነው የሚወጋው። ዋናው ስፌት ሲያልቅ ይመዘዛል። ኢቢሴ ደግሞ ክሩ ያልተመዘዘ ልብስ ለሰው ሰጥታ አታውቅም። ሳትጨርሰው ነው ከእጇ የወጣው።»

«ዛት ጃኬት» አለች ዱረቲ። ድምፅዋ ሻክሯል። «ሐሙስ ጠዋት ክላስ ስሄድ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። አይ ሶው ኢት።»

የትምወርቅ ፎቶውን ማሚት ጭን ላይ አስቀመጠች። «ገበሩን ስትፈታ ያገኘችው ይሄን ነው፣ ክሩ አሁንም ጠርዙ ላይ አለ። ባልሽ የትኛው ነው?»

ማሚት በቀኝ በኩል ያለውን በጣቷ ነካች።

«አሁን ጀርባውን አንብቢው።»

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሃያ ዓመት አብራው የኖረችውን ሰው ቀና ብላ አየችው፣ ልክ ቤቷ ተሳስቶ የገባ ሰው ይመስል። «ማነው ስምህ?» አለችው።

ፎቶውን እያየ መለሰላት። «ደረሰ።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው አወራው። ጌቱ ጓደኛው ነበር። ዲቪ ደርሶት፣ ቪዛው ተመትቶለት፣ ደስታውን ሊያከብሩ ላንጋኖ ወረዱ። ውሃው ወሰደው፣ ሬሳውም አልወጣ። መልካቸው ይመሳሰል ነበር። ደረሰ የጌቱን ወረቀት ይዞ መጣ፣ ስሙን ለበሰው፣ የሟቹንም እናት እማ አለ። ፎቶውን ገበሩ ውስጥ ሰፍቶ ደብቆት ነበር፣ ጃኬት ሲጠብ ገበሩ እንደሚፈታ አላወቀም። ለምን አላቃጠልከውም ቢለው ቶኩማ፣ «አንዴ ሰጥሟል» አለ። «እንዴት ደግሞ አቃጥለዋለሁ።»

ሐሙስ ኢቢሴ ጠራችው። መርከቡ ላይ ከመውጣታችን በፊት ለማሚት ንገር፣ ለእናትየውም ንገር፣ ልጇን ታልቅስ አለችው። ያለችው ይሄንኑ ብቻ ነው። ፎቶው ገና ጃኬቱ ውስጥ መስሎት ጃኬቱን ነጠቀ፤ እጅጌውን አልለቅም አለችው፤ ገፋት። ጭንቅላቷ የስፌት መኪናውን ጠረጴዛ መታ። ባኞ ቤት የወሰዳት፣ ስፕሬዩን የደፋው፣ ከታጠፉት ልብሶች ከላይ ያገኘውን ነጭ ቀሚስ የሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ባኞ ቤት ስትወስዳት» አለች ዱረቲ፣ በአማርኛ፣ ቃል በቃል እየመረጠች፣ «ትተነፍስ ነበር?»

ደረሰ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። መልሱን ሁሉም ሰማው።

ኩሽና ውስጥ ስልኩ ተናገረ። *ነጩ አይሰቀልም። አይተኮስም። ይጠቀለላል።* ማንም አልተነሳም። ሦስት ጊዜ ተናግሮ በራሱ ቆመ።

በዚህኛው ቀን የመጣው የፖሊስ መኪና አንድ ነው፣ ቶኩማ በእንግሊዝኛ ነበር የደወለው። ደረሰን ይዘውት ሲወርዱ ማሚት በር ላይ ቆማ ነበር። በየትኛው ስም እንደምትጠራው ስላላወቀች ሳትጠራው ሄደ።

አንዱ መኮንን ጓንት አድርጎ ቀሚሱን አወረደው። ወረቀት ከረጢት ውስጥ ሊከተው ለሁለት ሲያጥፈው ዱረቲ ኮሪደሩ ላይ ደረሰች።

«ፕሊዝ» አለችው። «ዶንት ፎልድ ኢት።»

ሰውየው ምን ላድርገው እንደማለት አያት። አትንኪው ስላላት እጇን ከኋላዋ አድርጋ፣ ከየት መጀመር እንዳለበት በአገጯ አሳየችው። ጥለቱ ወደ ውስጥ፣ እጅጌው ተስተካክሎ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ። ግዙፉ ሰውዬ ባኞ ቤት ደፍ ላይ ተንበርክኮ እንደነገረችው ጠቀለለው።

ዱረቲ ከረጢቱ እስኪታሸግ ጠበቀች። ከዚያ ኩሽና ገብታ፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ ሳህን አነሳች።