የሚጣበቀው ወንበር

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ጓደኛህን መጎንተል ተውና ስማኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ጥድፌ ነው። ጥድፌ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ቤታቸው ከአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ነው። ስሟን ያወጡላት ሰፈርተኞች ናቸው፤ ጫማዋን እንኳ ሳታስር ስለምትሮጥ!

አያቷ እግራቸውን ታመው ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሊወጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው አባቷ አንድ ወንበር ሠራላቸው። በክንዳቸው ተደግፈው ያለ ሰው እርዳታ እንዲነሡ መደገፊያዎቹን ሰፋ አደረጋቸው። ከዚያ ቫርኒሽና የተልባ ዘይት ቀላቀለ፤ ማቅጠኛም ጨመረበት።

"የኔ ልጅ፣ በጨርቅ ቀቢው። እንጨቱ ትንሽ ይጠጣ። ከዚያ የተረፈውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጊው። ካልጠረግሽው አይደርቅም። ነገ ደግሞ በስሱ እንደግመዋለን" አላት።

"እሺ አባዬ!"

ጥድፌ ቀባችው። ወንበሩ አብረቀረቀ። ውይ ሲያምር!

"ይሄን የመሰለ ውበት ጠርጌ ላጥፋው እንዴ? አንዴ አብዝቼ ልቀባውና ልገላገል" አለች። ቅልቅሉን ደራርባ ለቀለቀችው። ጓደኞቿ ገመድ እየዘለሉ ከውጪ ይጠሯታል። እንዳለ ትታው በረረች። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ሲባል አልሰማችም መሰለኝ!

ወደ ማታ አባቷ "ጠረግሽው?" ብሎ ጠየቃት።

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጠርጌዋለሁ!"

አያችሁ ልጆች? ውሸት ስትወጣ ቀላል ናት።

በማግስቱ አባቷ ወንበሩን ቢነካው ጣቱ ተጣበቀ። ሰጋቱራው፣ አቧራው፣ አንዲት ምስኪን ዝንብም ሳትቀር ተለጥፈውበታል። አባቷ በንዴት ጦፈ።

"ልጄ ጠርጋዋለች። እንግዲህ የተበላሸው ቫርኒሹ ነው! ያ ቀለም ሻጭ አሮጌ ሸጠልኝ። ጓደኛዬ ነው ብዬ ባምነው! ከዛሬ ጀምሮ ደጁን አልረግጥም፣ ግን ልኩን ነግሬው ልምጣ!" ብሎ ወጣ።

ጥድፌ በሩ ጥግ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ቀለም ሻጩ የአባቷ አብሮ አደግ ነው። አያቷን ሳይጠይቅ ውሎ አያድርም። "ዝም ብል ማን ያውቃል?" አለች በሆዷ። እግዚአብሔር እንደሚያውቅ ግን ልቧ ነገራት። ተነሥታ ሮጠች። ይቺን ጊዜስ መሮጧ በጀ!

ስትደርስ ሱቁ በሰው ተሞልቷል። አባቷ ይጮሃል፤ ቀለም ሻጩ አንገቱን ደፍቷል።

"አባዬ፣ ተው! ቫርኒሹ ምንም አልሆነም። አልጠረግሁትም። ዋሸሁህ!" አለች እያለቀሰች።

አባቷ በሐፍረት ፊቱ ተለዋወጠ። "ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ" አለ።

ቀለም ሻጩ ግን እንባዋን ጠረገላትና "በሰው ፊት እውነት መናገር ለትልቅም ይከብዳል፣ እሺ? በሉ አሁን ሂዱና ያን ወንበር አጽዱት" አለ።

አባቷ በመንገድ ላይ እጇን ያዛት። "ወንበሩ ይስተካከላል። ያሳዘነኝ ውሸቱ ነው" አላት።

"ሁለተኛ አልዋሽህም፣ አባዬ።"

የተጣበቀውን በማቅጠኛ እያራሱ ፈትገው አነሡት። ክንዳቸው ዛለ! አያቷ ሲመጡ ወንበሩ ገና አልደረቀም ነበርና ለመነሣት በፈለጉ ቁጥር አባቷ አቅፎ ያነሣቸው ነበር። ጥድፌ ይህን ስታይ ወደ ወንበሩ ተመለሰች። በየቀኑ በስሱ ቀባች፣ ጠበቀች፣ ጠረገች። ገመድ ዝላዩም ጠበቃት።

በመጨረሻ ወንበሩ ደረቀ። እንደ መስተዋት አላብረቀረቀም፤ ለስላሳና ሞቅ ያለ ሆነ እንጂ። አያቷ ተቀመጡበት። ከዚያ መደገፊያውን ጫን አሉና ያለማንም እርዳታ ብድግ!

"ተመስገን! በገዛ እግሬ ቆምኩ!" ብለው ጥድፌን ግንባሯን ሳሟት።

ልጆቼ፣ ጥፋታችንን ቶሎ ብንናገር እግዚአብሔር ይቅር ይለናል፣ ሌላ ሰውም በእኛ ጥፋት አይወቀስም።