የጋሽ ደመና አረፋ

አረፋው ጉንጭ ላይ እንዳለ ሞተ።

ብሩሼ በሩ አጠገብ ፎጣ እያጣጠፈች ነበርና ሁሉንም በመስታወቱ ውስጥ አየችው። አባቷ የጡረተኛውን መምህር ጺም በብሩሽ ቀብቶ ምላጩን እስኪያነሳ ድረስ ነጩ ነገር ሟሸሸ፣ ቀጠነ፣ መጨረሻ ላይ ወተት የነካው ውሃ መስሎ በአንገታቸው ቁልቁል ወረደ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ አንዴ ልድገመው።»

«ድገመው ደመናው። ጺሜ እንደሆነ የትም አይሄድ» አሉ መምህሩ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

አባቷ ሳሙና ጨመረ፣ ውሃ ጠብ አደረገ፣ ብሩሹን ሳህኑ ውስጥ ያሽከረክረው ጀመር። ብሩሼ ጆሮዋን አቆመች። ይህን ድምፅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ጥሩ አረፋ ሲመታ መጀመሪያ ላይ ቸልቅ ቸልቅ ይላል፤ እየወፈረ ሲሄድ ግን ድምፁ ይጠፋል፣ ጥጥ ላይ እንደምትራመድ ድመት ዝም ይላል። ዛሬ ቸልቅታው አላቆም አለ። የአባቷ ግንባር በላብ ወዛ። ጄሶው ከወጣለት ወዲህ ገርጥቶ የቀጠነው የቀኝ እጁ አንጓ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ጋሽዬ፣ ልቀበልህ?» አለ ፈጣኑ ከሁለተኛው ወንበር። ፈጣኑ አባቷ የእጁ አጥንት በተሰበረ ጊዜ የቀጠረው ወጣት ፀጉር አስተካካይ ነው። የሚጠቀመው የቆርቆሮ አረፋ ነው። ነቅነቅ አድርጎ ጫፉን ሲጫነው ፍስስስ ብሎ ይወጣል፤ ያለ ብሩሽ፣ ያለ ውሃ፣ ያለ ልፋት።

አባቷ ትንሽ አመነታ። ከዚያ ከወንበሩ ገለል አለለት።

«የሱ ይነሳል፣ የኔ ይሞታል» አለ ለራሱ፣ በሹክሹክታ።

ሰፈሩ በሙሉ አባቷን «ጋሽ ደመና» የሚለው በከንቱ አይደለም። አረፋው ሲነሳ አይቶ ያልተገረመ የለም። ሕፃን ልጅ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ ሲያለቅስ፣ አባቷ አረፋ የሞላውን ሳህን ይዞ ይመጣና ልጁ አናት ላይ ድፍት ያደርገዋል። ልጁ ትንፋሹን ይውጣል። ምንም አይወርድም። «አየህ? ይሄ ደመና ዝናብ የለውም» ይላል አባቷ፤ ልቅሶው ወደ ሳቅ ይዞራል። ብሩሼም ያደገችው ከዚያ ሳህን ስር ነው። ስሟንም ያወጣላት እሱ ነው፤ ስትወለድ ፀጉሯ ቀጥ ብሎ የቆመ የጺም ብሩሽ ይመስል ስለነበር።

መምህሩ አመስግነው ሲወጡ አባቷ ብሩሹን አጥቦ አራገፈ። በንጹህ ጨርቅ ጠቀለለው። መሳቢያውን ከፍቶ ከታች፣ ከአሮጌ መቀሶች ጋር አስተኛው።

«አባባ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ከእንግዲህ ጺም የፈጣኑ ነው። እኔ ፀጉር ይበቃኛል።»

«ለምን?»

«እጄ ነዋ፣ ብሩሼ። አጥንቱ ገጥሟል፤ ሙያው ግን ወጥቶ ሄዷል» አለና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ባይሞክር ይሻል ነበር።

ማታ ቤት ውስጥ የጎማ ኳስ ሲጨምቅ አየችው። ሐኪሙ አንጓው እንዲጠነክር ያዘዘለት ነው። ከንፈሩን ነክሶ ይጨምቃል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይጨምቃል። እናቷ «በቃህ እንጂ፣ ነገም ቀን ነው» ስትለው አልሰማም።

በማግስቱ ብሩሼ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ግቢ ገባች። ይሄን አባቷ አያውቅም።

ሱቁ የውሃ መስመር የለውም። ድሮ ታላቅ ወንድሟ በየማለዳው ከቦኖው ቀድቶ ያመጣ ነበር። እሱ ለስልጠና ሌላ ከተማ ሲሄድ ሥራው ለሷ ተላለፈ፤ ልክ አባቷ ጄሶውን ባስወለቀበት ሰሞን። ቦኖው ደግሞ ያለው ከትምህርት ቤቷ በር ፊት ለፊት ነው። የመጀመሪያው ቀን አጥሩ ላይ የተደረደሩት ልጆች «ኧረ ጀሪካኗ መጣች! የቱ ነው የቱን የተሸከመው?» ብለው ሙድ ያዙባት። ሼም ገደላት። ከዚያ ወዲህ ቦኖው ጋ ድርሽ አላለችም። ከጓደኛዋ ግቢ፣ ከጉድጓዱ ትቀዳለች። ቅርብ ነው፤ ጥርት ያለ ነው፤ የሚያያት የለም። አባቷ «ቦኖው ሰልፍ ነበረው?» ሲላት «ደህና ነው» ትላለች። ውሃ ያው ውሃ ነው ብላ።

ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ከተከፈተች የሚዘጋት ስለሌለ። የሬዲዮ እናት ሳፋ ፊት ተቀምጠው ልብስ እያጠቡ፣ እያጠቡም እየተነጫነጩ ሳሉ ብሩሼ ደረሰች።

«ይሄ ውሃ እኮ ሳሙና ይበላል!» አሉ ሸሚዙን እያሹ። «ለመጠጥ አይታማም። ልብስ ላይ ግን ጠላት ነው። እዪ እስቲ፣ ሳሙናው ተፈርፍሮ ቀረ። አረፋ የለ፣ ምን የለ!»

ብሩሼ ወደ ሳፋው አጎነበሰች። ውሃው ላይ የተበጣጠሰ ወተት የመሰለ ግራጫ ፍርፋሪ ይንሳፈፋል። ይሄንኑ ፍርፋሪ አይታዋለች። ትናንት፣ በአባቷ ሳህን ጠርዝ ላይ።

«እትዬ፣ በቦኖ ውሃ ሲያጥቡስ?»

«እሱማ ገና ሳትነኪው አረፋ ነው። ነጭ ልብስ ሲኖረኝ ከዚያ ነው የማስቀዳው።»

ጀሪካኑ እጇ ላይ ከበዳት፤ ገና ባዶ ሳለ።

«ሬዲዮ» አለች ጓደኛዋን ወደ ጥግ ስባ። «ሳይንስ ላይ የተማርነው ያ ነገር ምን ነበር? ጠጣር ውሃ?»

«ቲቸር ሲያስረዳ ‹በረዶ ማለት ነው?› ብለሽ ክፍሉን ያሳቅሽበት?»

«እሱ። ሳሙናን ምን ያደርጋል ነበር ያለው?»

«ከድንጋይ የሟሟ ነገር አለበት፣ ካልሲየም ምናምን። ሳሙናውን ቀድሞ ይይዘዋል፤ አረፋ እንዳይሆን። ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ሸምድጄው ሳይመጣ ቀረ፣ አሁንም ያናድደኛል። ለምን ጠየቅሽ?»

«ቆይ፣ አሳይሻለሁ» አለች ብሩሼ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ባዶ የውሃ ጠርሙስ ፈልጋ አንዱን ከጉድጓዱ ሞላች፣ ሌላውን ሬዲዮን ልካ ከቦኖው አስቀዳች። ከአባቷ የጺም ሳሙና በቢላ ቀጭን ቀጭን አድርጋ ፍቃ እኩል ጨመረችባቸው። ሬዲዮ አንዱን፣ እሷ አንዱን ይዘው እጃቸው እስኪዝል ናጡ።

የቦኖው ጠርሙስ እስከ ክዳኑ ነጭ ሆነ። የጉድጓዱ ላይ ስስ የአረፋ ቀለበት ታየና ወዲያው ፍስስ ብሎ ጠፋ፤ ከስሩ ደፍርሶ ፍርፋሪ ያዘ።

ብሩሼ መሬት ላይ ተቀመጠች። የፈጣኑ የቆርቆሮ አረፋ ለምን እንደማይሞት ገባት፤ እሱ ውሃ አይነካውማ። አባቷ ከንፈሩን ነክሶ ኳስ የሚጨምቅበት እጅም በአረፋው ጉዳይ ምንም እንዳላጠፋ ገባት።

«አቦ አታልቅሺ!» አለች ሬዲዮ ደንግጣ። «ቀላል እኮ ነው። ከነገ ጀምሮ ከቦኖ ቅጂ፣ አለቀ። አረፋው ይነሳል፣ አባባም እጄ ዳነ ብሎ ይደሰታል። ማን ያውቃል? እኔ እንደሆንኩ ትንፍሽ አልልም።»

«አንቺ? ትንፍሽ አትዪም?»

«ለዚህ ለዚህ እዘጋለሁ!»

ብሩሼ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ማንም የማይጎዳበት ነበር፤ ቢያንስ እንዲያ ይመስል ነበር።

መምህሩ ተመልሰው በሚመጡበት ቅዳሜ ብሩሼ ጀሪካኑን ይዛ በትምህርት ቤቱ በር አለፈች። ልጆቹ ለኳስ ጨዋታ ተሰብስበው ነበር።

«ኧረ ጀሪካኗ ተመለሰች!»

«አዎ፣ ተመለስኩ» አለች ሳትቆም። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ እግሮቿ ግን መሄዳቸውን አልተዉም።

ሱቅ ስትደርስ መምህሩ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ፈጣኑ ቆርቆሮውን እየነቀነቀ ነው። ብሩሼ መሳቢያውን ከፍታ የተጠቀለለውን ብሩሽ አወጣችና ለአባቷ ዘረጋችለት።

«አባባ፣ ዛሬ አንተ ምታ።»

«ብሩሼ፣ ተነጋገርን እኮ።»

«አንዴ ብቻ። ለኔ ስትል።»

«ልጅቷ ለመነችህ እንጂ» አሉ መምህሩ። «የዚህ ቆርቆሮ ነገር እንደሆነ ፊቴን ካርቶን አደረገው።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ እዚሁ ቆሜያለሁ!» አለ ፈጣኑ። ሁሉም ሳቁ። በሳቁ መሀል አባቷ ብሩሹን ተቀበላት።

ውሃውን ከጀሪካኑ ቀዳች። እሱ መምታት ጀመረ። ቸልቅ፣ ቸልቅ፣ ቸልቅ። ትከሻው ገና ከጅምሩ ሽንፈቱን የተቀበለ ይመስላል። ከዚያ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ።

አባቷ እጁን አቆመ። ሳህኑ ውስጥ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጫፉ የተጠማዘዘ ደመና ተነስቷል። አንዴ ሳህኑን፣ አንዴ አንጓውን አየ። ድንገት ዞሮ ሳህኑን ፈጣኑ አናት ላይ ድፍት አደረገው። ፈጣኑ «ኧረ ጋሽዬ!» ብሎ አንገቱን ቀበረ። ጠብ ያለ ነገር የለም።

«መጣች!» አለ አባቷ። ዓይኑ ረጥቧል። «እጄ መጣች! አላልኳችሁም፣ ያቺ ኳስ እኮ ናት!»

መምህሩን ላጫቸው። ምላጩ በአረፋው ውስጥ ሲያልፍ ወረቀት እንደሚቀደድ ቀስ ያለ ድምፅ ይሰማ ነበር። ብሩሼ አባቷ ሲያፏጭ ሰማች። ካፏጨ ስንት ጊዜው ነው! አሁን ዝም ብትል ሁሉም ነገር በቦታው ነው።

ግን ቦኖው የሚደርቅበት ቀን አለ። ያን ቀን ሰው ከየትም ይቀዳል፤ ከጉድጓድም። ያን ቀን አረፋው ይሞታል፣ አባቷም እንደገና እጁን ያያል። እንደገና ብሩሹን በጨርቅ ይጠቀልላል። ጥፋተኛው ውሃው መሆኑን የሚነግረው ከሌለ፣ ያቺ እጅ ሕይወቷን ሙሉ እንደተከሰሰች ልትኖር ነው።

መምህሩ ፊታቸውን እየዳሰሱ ሲወጡ፣ ብሩሼ ከቦርሳዋ ውሃ የሞላ ጠርሙስ አውጥታ መስታወቱ ፊት አስቀመጠች።

«አባባ፣ በዚህኛውም ምታ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የጉድጓድ ውሃ። ከነሬዲዮ ግቢ። ጄሶህ ከወጣ ጀምሮ ሳመጣልህ የነበረው እሱን ነው። ቦኖ ነበርኩ ያልኩህ ውሸቴን ነው። ልጆቹ ሳቁብኝና… አፈርኩ።»

ፉጨቱ ቆመ። ፈጣኑ የሌለ ፀጉር መጥረግ ጀመረ። አባቷ ሳህኑን አጠበ፣ ከጠርሙሱ ጨመረ፣ መታ። ቸልቅ፣ ቸልቅ፣ ቸልቅ። ቸልቅታው አላቆመም። ሳህኑ ውስጥ ስስ፣ ግራጫ፣ ፍርፋሪ ያዘለ ውሃ ብቻ ቀረ።

ፍርፋሪውን በጣቱ ነካ አደረገው።

«እጄ አልነበረማ» አለ ቀስ ብሎ።

«አልነበረም። አንድም ቀን።»

አባቷ ሳህኑን እንደያዘ ወደሷ መጣ። ሳህኑን ቀስ አድርጎ አነሳና ልክ በሕፃንነቷ እንደሚያደርገው ከአናቷ በላይ ያዘው። ውስጡ ያለው ውሃ ሲንቦጫረቅ ይሰማታል። ይሄ ደመና ዝናብ አለው። ፀጉሯን የተሠራችው ደግሞ ገና ትናንት ነው።

ቀና ብላ እጁን አየችው። አንጓው አይንቀጠቀጥም።

«ልድፋው?» አለ አባቷ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ይሁን ሳቅ መለየት አልቻለችም፤ ምናልባት ሁለቱም ነበሩበት።

ብሩሼ ዓይኗን ጨፈነች፣ አንገቷን ዝቅ አደረገች።

«ድፋው።»